ጉሎ በደጅ፣ ሐር በቤት፦ የሐር ትልን በወሎ ቤት ውስጥ ማርባት

እኛ ሰፈር ኮምቦልቻ ውስጥ ጉሎ ያልበቀለበት አጥር ጥግ ማግኘት ይከብዳል። ማንም አይተክለውም፤ ራሱ ይበቅላል። ፍሬውን እናቶቻችን ወቅጠው ምጣድ ያስሱበታል። ቅጠሉን ግን የሚፈልገው የለም፤ ከብቱም ብዙ አይቀርበውም። እኔም ለዓመታት ዝም ብዬ ሳልፈው ኖሬያለሁ። አሁን ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ለስላሳ ቅጠል አውጥቷል? ጤዛው ደርቋል? ለስንት ቀን ይበቃኛል? ቤት ውስጥ 200 ያህል ትል ቁርሱን እየጠበቀ ነዋ።

የሐር ትል ማርባት ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ለንግድ አይደለም፤ ስለምወደው ነው። እንግዳ ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ጠጋ ብሎ ያያል፣ ከዚያ «እንዴት ነው የሚጀመረው?» ይላል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

የትኛው ትል?

በቤት የሚረቡት የታወቁ የሐር ትሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ ከቻይና የመጣው ነው። የሚበላው መልበሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል ብቻ ነው። አንዱ ትል በራሱ ዙሪያ ከሚሠራው የሐር ቤት ከ600 እስከ 1,500 ሜትር የሚደርስ አንድ ያልተቆረጠ ክር ይወጣል። ያንን ክር ለመተርተር ግን ትሉ ውስጥ እያለ በሙቀት መገደል አለበት። ቢራቢሮ ሆኖ ከወጣ ቤቱን ስለሚበሳው ክሩ ይቆራረጣል። መተርተሪያ መሣሪያም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኤሪ ይባላል። አገሩ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ አሳም ነው። ስሙም የመጣው በአሳም ቋንቋ «ኤራ» ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ ጉሎ ማለት ነው። ትሉ የአሳም ይሁን እንጂ ምግቡ የኛው ነው፤ የጉሎ የትውልድ ቦታ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል።

እኔ ለወሎ ቤት የምመክረው ኤሪን ነው። ቅጠሉ ደጃችን ላይ ስላለ ብቻ አይደለም። ኤሪ ቤቱን ሲሠራ አንዱን ጫፍ ክፍት ይተወዋል። ቢራቢሮው ምንም ሳይበሳ በዚያ በር ይወጣል። ስለዚህ ሐሩን ለማግኘት ማንንም መግደል አያስፈልግም። ክሩ አንድ ወጥ ስላልሆነ አይተረተርም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። መፈተል ደግሞ እናቶቻችን ያውቁበታል። እንዝርት ያለበት ቤት ለኤሪ ሐር የሚያስፈልገው መሣሪያ አለው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሐር ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ531 ገደማ የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። «ሐሩን ከሕንድ እናንተ ግዙና ለኛ ሽጡልን፤ ገንዘባችን ወደ ፋርስ አይሂድ» አለ። ነገሩ አልተሳካም። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች ቀድመው እየጠበቁ ጭነቱን ሁሉ ይገዙት ነበር። ከ20 ዓመት ያህል በኋላ መነኮሳት የትሉን እንቁላል ወደ ቁስጥንጥንያ አስገቡ። ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ያን ጊዜ ንጉሥ መልእክተኛ የላከበት ነገር ዛሬ በሰፌድ ላይ፣ በደጃችን ቅጠል ይደርሳል።

ቅጠል ከትል ይቀድማል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እንቁላሉን ያመጣል፣ ከዚያ ቅጠል ፍለጋ ይሮጣል። የኤሪ እንቁላል ደግሞ አይጠብቅም። ከተጣለ በ10 ቀን ገደማ፣ ብርድ ከሆነ ትንሽ ዘግይቶ ይፈለፈላል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አንድ የኤሪ ትል በሕይወቱ ከ25 እስከ 30 ግራም ቅጠል ይበላል። ለ200 ትል ከ5 እስከ 6 ኪሎ ማለት ነው። ችግሩ አብዛኛውን፣ ከ100 እጅ 80 የሚሆነውን፣ የሚበላው በመጨረሻው ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ቅጠል ለሁሉም ይተርፋል። መጨረሻ ላይ ግን በየቀኑ ፌስታል ሙሉ ትለቅማላችሁ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከስምንት እስከ አስር የሚሆኑ ደህና ያደጉ የጉሎ ዛፎች አይታችሁ ያዙ። ከአንዱ ዛፍ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትልቀሙ፤ ዛፉ ይደክማል።

መትከል ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ፍሬውን ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ዝናብ ሲጀምር በአንድ ሜትር ርቀት ዝሩት። በሁለት ሦስት ወር ቅጠሉ ለመለቀም ይደርሳል። ቆላና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ደሴ ላይ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ውርጭ አይወድም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሁለቱንም በቁም ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያው፣ የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው። ውስጡ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ልጆች ያሏችሁ ቅጠል ከምትለቅሙበት ዛፍ ላይ ፍሬውን ከነዘለላው እየቆረጣችሁ ጣሉ። ለልጆቹም ንገሯቸው። ለትል የለያችሁትን ሰፌድ መልሳችሁ እህል አታንፍሱበት።

ሁለተኛው ፀረ ተባይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ትሎቼን ያጣሁት በዚህ ነው። ከአንድ የአትክልት ማሳ ዳር የበቀለ ያማረ ጉሎ አገኘሁና ለቀምኩ። ከሁለት ቀን በፊት ማሳው ተረጭቶ ኖሯል። ጠዋት የሰጠኋቸውን በልተው ከሰዓት ይንቀጠቀጡ ጀመር። አረንጓዴ ውኃ አስመለሱ። ማታ አንድም አልቀረም። ያን ቀን ሰፌዱን ይዤ በረንዳ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጫት፣ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ከሚረጭበት ማሳ አጠገብ ያለ ጉሎ አልነካም። ከአስፋልት ዳርም አልለቅምም፤ አቧራና የመኪና ጭስ ቅጠሉ ላይ ይጋገራል።

ወቅቱ፣ ቦታውና ዕቃው

በኛ አገር ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ቅጠሉ ግን ገና ለምለም ነው። በልግ ደህና ከዘነበ መጋቢትና ሚያዝያም ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴን ለጀማሪ አልመክርም። ቅጠሉ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ቤቱም ይታፈናል፤ በሽታ የሚመጣው ያኔ ነው።

ትሎቹ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ኮምቦልቻ ቀኑ አይከብድም፣ ሌሊቱ ነው የሚያስቸግረው። እኔ ማታ ማታ በትንሽ ጀሪካን የሞቀ ውኃ ሞልቼ በአሮጌ ጋቢ እጠቀልልና ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጣለሁ። እስከ ንጋት ይቆያል። ከሰል አታስገቡ፤ ጭሱ እናንተንም እነሱንም ይጎዳል። እህቴ ደሴ ላይ ከኔው እንቁላል ወስዳ አርብታለች። እኔ ጋ በ25 ቀን ያለቀው እሷ ጋ ከ35 ቀን በላይ ፈጀ። አልሞቱም፤ ብርዱ አዘገያቸው እንጂ።

ቦታው ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ አየር የሚገባው ጥግ ይሁን። ቡና ከሚፈላበት ክፍል አርቁት። ወሎ ቤት ያለ ዕጣን ቡና የለም፤ ዕጣኑ ለሰው መዓዛ ቢሆንም ትሉን ያፍነዋል። ሰንደል፣ ሲጋራ፣ የወባ ትንኝ መግደያ ስፕሬይ፣ ጠንካራ ሽቶ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። እኔ ለትል የለየሁት ትንሿን ዕቃ ቤት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ ነው፦

- ሦስት አራት ሰፌድ። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ሰፌድ አየር ያሳልፋል፣ እርጥበትም አያቁርም። ከፕላስቲክ ትሪ እጅግ ይሻላል።
- ጠረጴዛ ወይም የእንጨት መደርደሪያ።
- አራት የቲማቲም ድልህ ጣሳ። የጠረጴዛውን እግር እዚያ ውስጥ አቁማችሁ ውኃ ሙሉባቸው፣ ጠብታ ዘይትም ጨምሩ። ጉንዳን በዚህ አያልፍም።
- የዶሮ ላባ። ትንንሾቹን በጣት ከማንሳት በላባ መጥረግ ነው የሚያዋጣው።
- ቀዳዳው ጠበብ ያለ የሽንኩርት መረብ ከረጢት፣ ታጥቦ የደረቀ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።
- ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም አጽዱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ጠረጴዛውንና ወለሉን እጠቡ። ሰፌዱን በደንብ ፀሐይ ላይ አስጡት። የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ሁለት ቀን ጠብቁ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

እንቁላሉ

በሐር ላይ ለብዙ ዓመታት ምርምር ያደረገው አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከሚያረባ ሰው መውሰድ ነው፤ አንዲት ቢራቢሮ ከ300 እስከ 400 እንቁላል ስለምትጥል የሚያረባ ሰው ሁሌ ትርፍ አለው።

ጀማሪ ከሆናችሁ 200 እንቁላል ይበቃል። ከዚያ በላይ አትውሰዱ። መጨረሻ ሳምንት ላይ ቅጠል የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

እንቁላሉን ስታጓጉዙ በወረቀት ፖስታ ወይም ቀዳዳ ባለው ካርቶን ያዙ። በታሰረ ፌስታል አትያዙት፤ ይታፈናል። መኪና ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አታስቀምጡት።

እንቁላሉ ነጭና ከሰሊጥ ያነሰ ነው። ከመፈልፈሉ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይጠቁራል። ያን ቀን በማግሥቱ የምትሰጡትን ቅጠል አዘጋጁ። የሚፈለፈሉት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው። ሲወጡ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ቢጫ ክሮች ይመስላሉ።

የመጀመሪያዎቹ አስር ቀናት

ከዛፉ ጫፍ ላይ ያለውን ለጋ ቅጠል አምጡ። ተልባ ፍሬ የሚያህል ነገር ጎልማሳ ቅጠል ማኘክ አይችልም። ቅጠሉን በላያቸው ብቻ አኑሩት፤ ራሳቸው ይወጡበታል። በእጅ አታንሷቸው።

በዚህ ዕድሜ ሙቀትና እርጥበት ይወዳሉ። ሰፌዱን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ቅጠሉ ቶሎ እንዳይጠወልግ ነው። ቤቱ ደረቅ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ከሰፌዱ ዳር አስቀምጡ። እነሱን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ መግቡ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት።

የቅጠል ነገር ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ከሁሉም በላይ እሱን ጠብቁ። እርጥብ ቅጠል አይሰጥም። ጤዛ ያለበት፣ ዝናብ የመታው፣ ታጥቦ ያልደረቀ ቅጠል አንጀታቸውን ያበላሻል። ጠዋት የምሰጠውን ማታ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ እለቅማለሁ። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥና ከመስጠቴ በፊት አንድ በአንድ እጠርገዋለሁ። አሰልቺ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ይህን ጊዜ እወደዋለሁ፤ ቀኑን የምጀምርበት ጸጥታ ነው።

ከሦስት አራት ቀን በኋላ አንድ ነገር ታያላችሁ። መብላት ያቆማሉ። ራሳቸውን ቀና አድርገው ድርቅ ብለው ይቆማሉ። ጀማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ እኔም ሞቱ ብዬ ነበር። አልሞቱም፣ ቆዳቸውን እየቀየሩ ነው። ትል ሲያድግ ቆዳው አብሮት ስለማያድግ አራት ጊዜ ይገፈዋል። አንዱ እንቅልፍ አንድ ቀን ያህል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ምንም አትስጡ፣ አትንኩ፣ ቦታቸውን አትቀይሩ። አሮጌው ቆዳ ከሰፌዱ ጋር በሐር ክር ስለተያያዘ ትሉን ከሳባችሁት መውጣት ያቅተዋል። መኝታው ደረቅ እንዲሆን ሽፋኑን አንሱላቸው።

የነቃው ቀድሞ ሊራብ ይችላል፤ ግን ጠብቁ። ከአስሩ ዘጠኙ ሲነቁ ነው አንድ ላይ የሚመገቡት። አለበለዚያ ግማሹ ትልቅ ግማሹ ትንሽ ይሆንና እስከ መጨረሻው አብረው አይሄዱም።

መረቡ የሚያስፈልገው ለጽዳት ነው። መረቡን በትሎቹ ላይ ዘርጉት፣ በላዩ ትኩስ ቅጠል በትኑ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በቀዳዳው አልፈው ወደ ቅጠሉ ይወጣሉ። ከዚያ መረቡን ከነትሎቹ አንስታችሁ ወደ ንጹሕ ሰፌድ ማዛወር ነው። አሮጌው ላይ የቀረውን ፍግና ቅጠል ለኮምፖስት አውሉት፤ የኔ ጎመን በሱ ነው የሚያድገው። ሰው ሁሉ ቤት ያለውን አጎበር ግን እንዳትጠቀሙ! አጎበሩ ትንኝ የሚገድል መድኃኒት የተነከረ ነው። ታጥቦም ቢሆን ትሎቹን ይጨርሳል።

ትልልቆቹ

ከሦስተኛው እንቅልፍ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። አሁን የበሰለ፣ ጠቆር ያለ ቅጠል ይበላሉ። ሽፋን አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው አየር ነው። አንዱ ሰፌድ ላይ የነበሩትን ለሦስት አራት ክፈሏቸው። እየተደራረቡ ከሆነ ጠቧቸዋል ማለት ነው። መረቡም ስለማያሳልፋቸው ከዚህ በኋላ ቅጠሉን በአገዳው ይዛችሁ ከነሱ ጋር ማንሳት ትችላላችሁ።

ከአራተኛው እንቅልፍ የሚነቃው ትል ሌላ ፍጥረት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴማ ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ ዱቄት የራሱ ነው፣ አትጥረጉት። ርዝመቱ ሰባት ሴንቲሜትር አልፎ ይሄዳል። ይህ ከስድስት እስከ ስምንት ቀን የሚቆይ ጊዜ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይበላሉ። በየቀኑ ከሥራቸው ያለውን ፍግ አጽዱ። ማታ ዳጎስ አድርጋችሁ ስጡ። ቅጠል ካጠራችሁ የፓፓያ ቅጠል ለአንድ ሁለት ቀን ይይዝላችኋል፤ ካሳቫ ያለውም ቅጠሉን ይበሉለታል። ቢሆንም እንደ ጉሎ አይሆንም።

ሲታመሙ ታውቃላችሁ። ጤነኛ ትል ጠንከር ያለ ነው፣ ሲነኩት ቅጠሉን ሙጭጭ ይላል። የታመመው ይለሰልሳል፣ ፍጉ ውኃ ይሆናል፣ ሲሞት ይጠቁርና ይሸታል። ይህ ብዙ ጊዜ ከእርጥብ ቅጠልና ከሙቀት መታፈን የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታ ነው። አንዱን እንዳያችሁ አውጥታችሁ ቅበሩት። ሰፌዱን ቀይሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ለግማሽ ቀን ምግብ ቀንሱ። ደርቆ እንደ ጠመኔ የሚነጣ ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ያን ጊዜ ቤቱ አየር ያስፈልገዋል። ለትል የሚሰጥ መድኃኒት ፍለጋ አትሂዱ። መድኃኒቱ ጽዳት ነው።

ጉንዳኑን በጣሳው አስቀርተናል። አይጥና እንሽላሊት ግን አሉ። ሌሊት መስኮቱንና በሩን በወንፊት ሽቦ ዝጉ። ዶሮ ካላችሁ በሩን አትርሱ። እኔ አንድ ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ከፍቼ ወጥቼ ስመለስ የጎረቤት አውራ ዶሮ ሰፌዱ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ቤት ሲሠሩ

አንድ ጠዋት ትሉ ቅጠሉን ትቶ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ይሄዳል። ራሱን እያነሳ ወዲያ ወዲህ ይላል። የመጨረሻውን እርጥብ ፍግ ይጥላል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫነት ያደላል። ደርሷል ማለት ነው። አሁን ጥግ ይፈልጋል።

ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። የጤፍ ጭድ ሐሩ ውስጥ እየተሰካ በኋላ ለመልቀም አታክቶኛል። ከሁሉ የተስማማኝ የእንቁላል ካርቶን ነው። አንዱን ጉድጓድ ለአንድ ትል ሰጥታችሁ በሌላ ካርቶን በስሱ ክደኑት። የተጠቀለለ ጋዜጣም ይሠራል። ሁለት ትል በአንድ ጉድጓድ አታስገቡ፤ ቤታቸው ይጣበቃል።

በሦስት ቀን ውስጥ ሠርተው ይጨርሳሉ። ባለሙያዎች ይህን ቤት ኩኩን ይሉታል። የኤሪው ነጭ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት ባዘቶ የሚመስል ነው። ቶሎ አታንሱት፤ ውስጥ ያለው ገና ለስላሳ ስለሆነ ይጎዳል። በስድስተኛው ቀን ቀስ ብላችሁ ሰብስቡና እንቅብ ውስጥ በአንድ ድርብ ዘርጉት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት፣ ብርድ ከሆነ ሦስት፣ ጠብቁ። ቢራቢሮዎቹ የሚወጡት ጠዋት ጠዋት ነው። ክንፋቸው ላይ ጨረቃ የመሰለ ምልክት አለ። አፍ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ አይበሉም፣ አይጠጡም። ዕድሜያቸው አንድ ሳምንት አይሞላም። በደንብ አይበሩም፤ ከሰው ጋር በኖሩበት ዘመን መብረሩን ትተውታል። ቀጠን ያለውና ቀንዱ እንደ ላባ የሰፋው ወንዱ ነው። ሆደ ትልቋ ሴቷ ናት።

ለቀጣዩ ዙር ዘር የሚሆኑትን ቀድማችሁ ለዩ። ጠንከር ካለው ኩኩን የወጡ፣ ክንፋቸው ያልተጨማደደ ሁለት ሦስት ጥንድ ከበቂ በላይ ናቸው። ሌሊቱን ከተገናኙ በኋላ ሴቷን ንጹሕ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ወንፊት ድፉባት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንቁላል ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የምትጥለው ደካማ ነው። ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዷን እናት ለብቻ ምልክት አድርጉ። ይህን ያስተማረን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1865 ጀምሮ የፈረንሳይን የሐር ትል የጨረሰውን በሽታ ሲመረምር፣ በሽታው ከእናት ወደ እንቁላል እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። የታመመችው እናት እንቁላል እንዲጣል አደረገ። እኛ ማይክሮስኮፕ ባይኖረን እንኳ፣ ደካማ ከመሰለች እናት ዘር አለመያዝ እንችላለን። ትርፍ እንቁላል ለጓደኛ ስጡ፤ ከሩቅ ያለ ሰው ጋር መለዋወጥም ዘሩን ያጠነክረዋል። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት እንጂ ሜዳ ላይ አትልቀቁ።

ሐሩን ማውጣት

ቢራቢሮው የወጣበትን ባዶ ኩኩን ገልብጣችሁ ውስጡ የቀረውን ደረቅ ቆዳ አራግፉ። ሐሩ ሙጫ አለበት፤ ሙጫው መልቀቅ አለበት። ኩኩኖቹን በስስ ጨርቅ ቋጥሩ። ለአንድ ሊትር ውኃ ከ5 እስከ 10 ግራም የልብስ ሶዳና ትንሽ የተፋቀ ሳሙና ጨምሩ፤ የዳቦ ሶዳውን አላልኩም። ውኃው ከኩኩኑ ክብደት 20 እጥፍ ይሁን። ለምግብ በማትጠቀሙበት ድስት ለ45 ደቂቃ ቀቅሉ። አንዱን አውጥታችሁ በጣት ሳቡት። እንደ ጥጥ ከተላቀቀ ደርሷል፤ ካስቸገረ 10 ደቂቃ ጨምሩለት። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግማችሁ እጠቡት።

ገና እርጥብ እያለ እያንዳንዱን ኩኩን በጣት እየከፈታችሁ እንደ ስስ እንጀራ ዘርጉት። አምስት ስድስቱን ደራርባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ሲደርቅ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ አላቁትና እንደ ባዘቶ ጠቅልሉት።

መጀመሪያ ለእማዬ የሰጠኋት ጊዜ እንዝርቷን አንስታ ሞከረችና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ይሸሻል!» አለችኝ። ልክ ነበረች። የሐር ጭረት ከጥጥ ጭረት በጣም ይረዝማል፤ የሚንሸራተትም ነው። ጥጥ ስትፈትል ሁለቱ እጆቿ ይቀራረባሉ። ለሐሩ ማራራቅ ነበረባት፣ እንዝርቱንም ከወትሮው ዘግየት አድርጋ ማሾር። ጣቷን ትንሽ ውኃ አስነካችና ቀጠለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክሩ ልክ ያዘ። ማታ መብራት ሥር አድርጋ ስታየው ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ጥጡ አያበራም፤ ይሄኛው ደብዘዝ ያለ ብርሃን አለው።

የ200 ትል ባዶ ኩኩን ከ60 እስከ 80 ግራም ይመዝናል። ሙጫውና ብክነቱ ሲወጣ 50 ግራም ያህል ክር ይተርፋል። ለነጠላ ጥለት ይሆናል። ሸማኔ ጋ ስትወስዱት ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ሐር እንዲሆን ንገሩት። በእንዝርት የተፈተለ ነጠላ የሐር ክር ድር ላይ ሲወጠር ይበጠሳል። ድርም ሐር ይሁን ካላችሁ ሁለቱን ክር አጣምራችሁ መልሳችሁ አክርሩት፤ ለዚያ ደግሞ 50 ግራም አይበቃም። ወረቀቱ ላይ የያዛችሁት እንቁላል ግን እስካሁን ወደ ሰማያዊ ሳይጠቁር አይቀርም።